ደራሽ ያቋረጠው ጨዋታ

ድሬዳዋ በቤዝቦል ተሸንፋ አታውቅም። አዳማም ተሸንፋ አታውቅም። ሁለቱ ከተሞች በየዓመቱ ይገጥማሉ።

ጎረቤቶቼ ባልየው የድሬ፣ ሚስትየው የአዳማ ልጆች ናቸው። በጨዋታ ቀን አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሱ በራሱ መነጽር፣ እሷ በራሷ። እሱ ብድግ ብሎ ሲጮህ እሷም ብድግ ብላ ትጮኻለች። «እንኳን ደስ አለሽ» ይላታል። «እንኳን ደስ አለህ» ትለዋለች። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ። ሲጣሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ሲሳሳቁም ሰምቻቸው አላውቅም።

እኔ መነጽርም ጉትቻም አላደርግም። ጉትቻ የምንለው ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ነው፤ መነጽሩ ለየከተማው ደስ የሚለውን እያሳየ የሚታየውን ሲያለሰልስ እሱ የሚሰማውን ያለሰልሳል። ሥራዬ ሁለቱንም አይፈቅድም። ደንቡ በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ባዶ ዓይን መዝጋቢ ይቀመጥ ይላል። ለምን እንደሚል የሚያስታውስ የለም፤ የሻረውም የለም። ከዳኛው ጀርባ ተቀምጬ ማን እንደመታ፣ ማን እንደቀለበ፣ ማን ቤዞቹን ዞሮ «ቤት» የምንለውን የመጨረሻ መርገጫ እንደረገጠ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን የስምምነት ማኅደር የሚባለው መሥሪያ ቤት ይረከበኛል። ከዚያ ምን እንደሚሆን ጠይቄ «ይመሳከራል» ተብያለሁ። ከምን ጋር? እሱን የነገረኝ የለም።

ሙያውን ያስተማረኝ የለም። ድሬ ላይ የቤዝቦል ታሪክ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ፤ ተመራቂዎቹ ከተማችን ተሸንፋ እንደማታውቅ በማዕረግ ያረጋግጣሉ። እኔ የተማርኩት ከሳምቡሳ መጠቅለያ ነው። ልጅ ሳለሁ ከዚራ ሰፈር ጥግ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ማኅደሩ የጣለውን አሮጌ የውጤት ወረቀት እየገዛች ትጠቀልልበታለች። አንድ ቀን ዘይት በጠጣ ወረቀት ላይ ድሬን ተሸንፋ አየኋት። ዘጠኝ ለሁለት። እናቴን እርቃኗን ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምቡሳ የምበላው ለወረቀቱ ነበር። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ማንም አልረዳኝም፤ ዛሬም ማንም እንዲረዳኝ አልለምንም።

ኢፍቱ ኡመሬን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ሳቢያን ሰፈር በረዶ ትሸጣለች። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ወጣት ሆና፣ ቤት ረግጣ፣ እጇን ዘርግታ ተስላለች። ልታየኝ ትፈልጋለች ሲሉኝ ሄድኩ። በረዶ እየፈለጠች ነበር።

«ባዶ ዓይኗ ምንታምር አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እስቲ እዪኝ። ምን ይታይሻል?»

«አሮጊት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች መዶሻዋን አስቀምጣ። «ሌላው ሁሉ ጀግና ነው የሚያየው። ተቀመጪ።»

የነገረችኝን ለመረዳት ሜዳችንን ማወቅ ያስፈልጋል። የድሬ ሜዳ ደቻቱ ነው። ወንዝ እንለዋለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እየጠበሰን ሳለ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ ከዚያ ደራሹ፣ ድንገተኛው ጎርፍ፣ ይመጣል። ሞኝ እንኳ ወንዝ ውስጥ አይጫወትም ይሉናል። እንጫወታለን። ለዚህም የራሳችን ሕግ አለን፦ ደራሽ ሲመጣ ዳኛው ሁለት እጁን ያነሣል፣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ውጤቱ እኩል ከሆነ እንግዳው ያሸንፋል። ወንዙን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳ በእኛ ውሃ አይቀጣም። «ውሃ የእንግዳ ነው» እንላለን። ማለቴ፣ ድሮ እንል ነበር።

የዛሬ አርባ ዓመት ድሬና አዳማ አምስት ለአምስት ደርሰው የመጨረሻው ምት የድሬ ነበር። ኢፍቱ ከቤት በፊት ያለው ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆማለች፤ ቤት ከረገጠች አለቀ፣ ዋንጫው የድሬ ነው። ቤቱን የምትጠብቀው የአዳማ ቀላቢ ሶሊያና ናት። ፊቷን በብረት መረብ ሸፍና፣ ደረቷንና ጉልበቷን በቆዳ ጠፍራ፣ ጀርባዋን ውሃው ለሚመጣበት ወገን ሰጥታ ተንበርክካለች። ዱላው ኳሱን መታ። ኢፍቱ ተነሣች።

«ግማሽ ስደርስ ሰማሁት» አለችኝ። «የደራሽ ድምፅ እንደ ባቡር ነው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። እሷ ግን ባቡር መሰላት። ሐዲዱ እዚያው አጠገብ አይደል? ዞርም አላለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ረግጬ መሄድ እችል ነበር። አቦ፣ ተንደርድሬ ብወድቅ እንኳ በእጄ እነካው ነበር! እሷ ግን ያን ሁሉ ብረትና ቆዳ ተሸክማለች፤ ውሃው ቢያገኛት እንደ ድንጋይ ነበር የምትሰምጠው። አንገትጌዋን ይዤ ወደ ዳር ጎተትኳት። ውሃው ቤቱን ነቅሎ ይዞት ሄደ። ዳኛው እጁን አነሣ።»

አምስት ለአምስት። ውሃ የእንግዳ ነው። አዳማ አሸነፈች።

በማግስቱ የሰፈሯ ሰዎች የኢፍቱን በር ገንጥለው ገቡ። አልጋዋን፣ ድስቷን፣ የእናቷን ሻሽ ሳይቀር አውጥተው ደቻቱ ጭቃ ውስጥ ጣሉት። «ድሬን በአንዲት የአዳማ ልጅ ለወጥሽ» አሏት። አዳማ ላይ ደግሞ «ዋንጫውን ውሃ ነው የሰጣችሁ» ያለ የድሬ ነጋዴ ሱቁ ጋየ። ባቡር ላይ ሰው ሞተ። የስምምነት ማኅደር የተቋቋመው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያስማማው ያንን ጨዋታ ነበር፤ በድሬ መነጽር ኢፍቱ ቤት ረገጠች፣ በአዳማ መነጽር ሶሊያና ቤት ሳትደርስ በኳሱ ነክታ አስወጣቻት።

«እኔን የሚያናድደኝ ግን እሱ አይደለም» አለች ኢፍቱ። «እሷ ናት። የዳነ ሰው መጥቶ ያመሰግናል እንጂ ያዳነ ይሄዳል? እንዲህ ያለ ነገር የት አገር አለ? አንድ ቀን አልመጣችም። በየዓመቱ ትደውላለች፤ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«"እንኳን አደረሰሽ!" ከሞት አፍ ያወጣኋት ሴት! እንኳን አደረሰሽ! እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ!»

የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ሶሊያና በሰው ፊት፣ በራሷ አፍ፣ «ኢፍቱ ጎትታ አወጣችኝ፤ ቤት አልረገጠችም» እንድትል። ጊዜዋ ደግሞ እያለቀ ነበር፤ ማኅደሩ የዚያን ጨዋታ መዝጊያ ሥነ ሥርዓት ለግንቦት ቀጥሮ ነበርና። አንድ ጨዋታ ሲዘጋ በሕይወት ያሉት ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ይገኛሉ፤ መገኘታቸው እንደ ቃላቸው ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት ታሪክ የሚያወራ ሰው ጠብ በማጫር ይከሰሳል። ባለታሪኳም ብትሆን።

ስለ መዝጊያው ሊያስረዳን የመጣው የማኅደሩ ባለሙያ ኪሩቤል ይባላል። ከደጋ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ኢፍቱ፣ በዕለቱ ከሦስተኛው ቤዝ ተነሥተው ቤት ይረግጣሉ። መሮጥ አይጠበቅብዎትም፤ ቀስ ብለው።»

ኢፍቱ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። «ማንን ነው እርስዎ የሚለው?» አለችኝ። ድሬ ላይ ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው። «ስማ፣ የኔ ልጅ፣ አንቱ የሚለኝ ሰው ሊቀብረኝ የመጣ ነው። ደግሞ እኔ ቤት አልረገጥኩም።»

«በድሬ ቅጂ ረግጠዋል።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው በሁለቱም ቅጂ ከጨዋታው በኋላ ነው የሚመጣው።»

«ማንንም አልወሰደም?»

«ማንንም አልነካም።» ፈገግ አለ። «ጥሩ ዜና አይደለም?»

«በሯን የገነጠሉትስ ሰዎች?» አልኩት እኔ። «እነሱስ በየትኛው ቅጂ ውስጥ ናቸው?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያለ መነጽር ዓይኑ ትንሽ ነበር። «ምንታምር፣ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ሰው ሞቷል። ማኅደሩ ከተቋቋመ ወዲህ በኳስ የሞተ ሰው የለም። አንድም። አንቺ የምትፈልጊው እውነት ስንት ሰው ያወጣል?»

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ስድብ ነበርና ዋጥኩት። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ደርሼበት ነገርኩት፤ «ሰው ያልሞተው ስለታረቀ አይደለም። ስላልተገናኘ ነው።» «አስተያየትሽን አስተላልፋለሁ» አለኝ። ትህትናው ነው ያንገበገበኝ። ቢሰድበኝ እኮ ከሰው ጋር እየተነጋገርኩ መሆኔን አውቅ ነበር።

«እሄዳለሁ» አለች ኢፍቱ። «ቤት ልረግጥላቸው አይደለም። እሷን ላገኛት ነው። ፊቴ ቆማ እንኳን አደረሰሽ ትበለኝ፣ እናያለን።»

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ኪሩቤል ሥነ ሥርዓቱን ለቀትር ቀጥሮት ነበር። በግንቦት! ድሬ ላይ በቀትር ውሻም ጥላውን አይለቅም። ብንነግረውም አልገባው፤ መርሐ ግብሩ ጸድቋል አለ።

ከሜዳው ዳር ድንኳን ተክለው ሁለቱን ሴቶች እዚያ አገናኟቸው። ኪሩቤል ውጭ ከድምፅ ማጉያው ጋር ይታገላል፤ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሶሊያና ከባቡር ጣቢያ በመኪና መጣች። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጉልበቷ የተበላሸ ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ተንበርክካ ኳስ የቀለበች ሰው ሌላ ጉልበት ከየት ታመጣለች? ጆሮዋ ከድቷታል፤ ጉትቻዋን የምታደርገው ለምቾት ሳይሆን ለመስማት ነው። ኢፍቱን እንዳየች ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች።

«እጅሽን! ያን እጅሽን ስጪኝ፣ ልሳመው!»

ኢፍቱ እጇን ነጠቀቻት። «አርባ ዓመት የት ነበርሽ? አንቺ ውለታ ቢስ! አንቺ የአዳማ አህያ!»

«አሜን፣ አሜን» አለች ሶሊያና እጇን መልሳ እየዘረጋች። «አንቺም እንደዚያው።»

«አሜን? አህያ ብዬሽ አሜን?»

«እኔም በጣም ናፍቀሽኝ ነበር።»

ኢፍቱ አየችኝ። አየኋት። ከዚያ ሁለታችንም እኩል የሶሊያናን ጆሮ አየን።

«ጉትቻዋ ነው» አልኩ።

ኢፍቱ አልጠየቀችም፤ እጇን ሰዳ ከጆሮዋ ነቀለችው። ሶሊያና ጮኸች። «አልሰማም! እሱ ከሌለ አልሰማም!» ኢፍቱ አንገቷን አቅፋ አፏን ጆሮዋ ላይ ደቅና ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች፤ «በየዓመቱ ስትደውዪ ምንድን ነው የምትዪኝ?»

«ምን ልበልሽ? ነፍሴን አተረፍሽ ነው የምልሽ! አመሰግናለሁ ነው የምልሽ! ልምጣ ወይ እልሻለሁ፤ ባለሽበት ይመችሽ ትዪኛለሽ። እኔማ ቂም ይዛብኛለች ብዬ ተውኩት።»

ኢፍቱ ያቀፈችውን አንገት ለቀቀች።

«እኔ የሚደርሰኝ እንኳን አደረሰሽ ነው» አለች።

«ምን?»

«እንኳን አደረሰሽ! እሱ ነው የሚደርሰኝ!»

«አንቺስ ምን ነበር የምትመልሺው? እኔ የሚደርሰኝማ "አሜን፣ አብሮ ያድርሰን" ነው።»

ኢፍቱ አንገቷን ደፋች። «አፈር ብዪ ነበር የምልሽ።»

«ምን? ጮክ በዪ!»

«አፈር ብዪ!»

ሶሊያና መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች። ኢፍቱም ሳቀች። ሁለት አሮጊቶች ተደጋግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በጉትቻውም በስልኩ መስመርም ገብቶ፣ የሁለት ሰው ዕድሜ መሐል ተቀምጦ ምስጋናውን የበላ፣ እርግማኑን የበላ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ስኳር አጣፍጦ የመለሰ አንድ ነገር አለ፤ ስሙም ስምምነት ነው።

«ልጆቼ ስለ ውሃው ሳወራ ሐኪም ጠሩብኝ» አለች ሶሊያና ሳቋን ጨርሳ። «አዳማ ላይ ውሃ የለም። እኔ ነክቼ ያስወጣሁሽ ብቻ ነው ያለው። የልጅ ልጆቼ "እንዴት ነው የነካሻት? አሳዪን" ይሉኛል፤ አሳያቸዋለሁ። ያልነካሁትን! ሲሰለቸኝ ውሃው ራሱ በሕልሜ ይሆን እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር።»

«በሕልምሽ አይደለም!» አለቻት ኢፍቱ ጆሮዋ ላይ ተጠግታ።

«አውቃለሁ። አሁን እጅሽን አየሁት።»

«የነገርሽኝን ሜዳ ላይ ወጥተሽ ትዪዋለሽ?» ብላ ጮኸችባት ኢፍቱ።

«መስማት ነው እንጂ ያቃተኝ መናገር አላቃተኝም» አለች ሶሊያና።

ሕዝቡ በወንዙ ግድግዳ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊት የክብር እንግዶች ተብለው የድሮ ደጋፊዎች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ያኔ ጎረምሳ የነበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሶሊያና ከድምፅ ማጉያው ፊት ቆመች። ጆሮው አልሰማ ያለው ሰው እንደሚናገረው ነበር የተናገረችው፣ ጩኸት ነው።

«ይቺ ሴት ከደራሽ ጎትታ አወጣችኝ! ቤት አልረገጠችም! እኔም አልነካኋት! እኔን ባታነሣ ኖሮ ድሬ ታሸንፍ ነበር! ድሬ የተሸነፈችው በዚች ሴት ደግነት ነው! እናንተ ደግሞ በሯን ገነጠላችሁ!»

ማጉያው ከላይዋ ላይ፣ በራሷ ድምፅ፣ ሲያለሰልሰው ሰማሁት። «ክቡራንና ክቡራት፣ ያ ጨዋታ የፍቅር ነበር። ኢፍቱ ታላቅ ተጫዋች ናት። ለሁለቱ ከተሞች ሰላም እመኛለሁ።» የኋላው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኪሩቤልም አጨበጨበ። ቀጥሎ ኢፍቱ ሦስተኛው ቤዝ ላይ እንድትቆምና እንድትነሣ ተጠራች። ሄዳ ቤዙ ላይ ቁጭ አለች። ሶሊያናም እያነከሰች ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ደረጃው ላይ ያለው ሕዝብ ግን በዓይኑ ከሦስተኛው ቤዝ እስከ ቤቱ የሆነ ነገር ተከተለ፤ ማንም ያልረገጠው ባዶ ቤት ላይ ሲደርስም እልል አለ። ሁለቱ ሴቶች በአሸዋው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያያቸው ሰው አልነበረም።

የፊተኛው ረድፍ ግን እልል አላለም።

ኪሩቤል ያልገባው ይህ ነው። በግንቦት ቀትር ላብ ጉትቻው ሥር ይገባና ጆሮ ያቃጥላል። የድሬ ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ጉትቻውን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል፤ የሚያይበትን መነጽር ትቶ የሚሰማበትን ያወልቃል፣ ንግግር መቼም አንድ ነው ብሎ። እነዚያ ሽማግሌዎች ከማጉያው ሥር የሶሊያናን የራሷን ጩኸት ሰምተዋል።

አንዱ ተነሣ። ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው፣ በዓይን አውቀዋለሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው።

«ምን አለች ይቺ?»

«ድሬ ተሸነፈች አለች» አለው አጠገቡ ያለው።

«ማን? ድሬ?»

ጎንበስ አለና ከወንዙ ድንጋይ አነሣ። ላስቆመው እችል ነበር? ቅርብ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ዓይኔ ለዚህ ነው የተቀመጠው። ወረወረ። ድንጋዩ የኢፍቱን ትከሻ አገኘው፤ ድምፁን ሰማሁ። ደረጃው ላይ ያለው ሕዝብ «ኦ!» ብሎ ፈገግ አለ። በኋላ ስጠይቅ አበባ ነበር አሉኝ፤ ከደጋፊ የተወረወረ ቀይ አበባ።

ሮጬ ደረስኩ። ትከሻዋ በልብሷ ሥር ማበጥ ጀምሯል። ሶሊያና እየጮኸች ደግፋታለች። ኢፍቱ ግን ትስቅ ነበር።

«ሰማ!» አለችኝ ክንዴን ጨብጣ። «ወላሂ ሰማ! አንድ ሰው ሰማ!»

«አልተሸነፍንም!» ይጮኻል ሰውዬው።

«ተሸንፈናል!» አለው አጠገቡ ያለው። «እኔ እዚህ ነበርኩ! ውሃ የእንግዳ ነው! ረሳኸው?»

«ዝም በል አንተ!»

«አልልም! በሯን ስንገነጥል አብረን አልነበርንም?»

ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ምን እንዳናደዳቸው ለመስማት ጉትቻዋን አወለቀች። ከጀርባዋ ሌላ ሰው አወለቀ። ጭቅጭቁ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ «አሸነፍን»፣ «ተሸነፍን»፣ «አባቴ ነግሮኝ ነበር»፣ «አባትህ ውሸታም ነበር»። ኪሩቤል እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ። «ለእኔ እየጨፈሩ ነው የሚታየኝ።»

«አውልቀህ እያቸው።»

እጁ መነጽሩ ድረስ ሄደ። ዘንጉን ነካ። ከዚያ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

እኔ ጻፍኩ። ድሬ አምስት፣ አዳማ አምስት፣ ደራሽ፤ አዳማ አሸነፈች። እንደሚመሳከር አውቃለሁ። ቢያመሳክሩትም አንድ ሙሉ ደረጃ ሕዝብ እየተሰዳደበበት ነው፤ እሱን ከምን ጋር እንደሚያመሳክሩት አያለሁ።

የባቡር ነጂው ሁለተኛ ድንጋይ አንሥቶ ነበር፤ ሁለት ሰዎች እጁን ይዘው ይታገሉታል። ኢፍቱ በሶሊያና ተደግፋ ብድግ አለችና ያበጠ ትከሻዋን በሌላው እጇ ይዛ ጮኸችበት፤

«ልቀቁት! ይወርውር! አንተ፣ ራሴን አልመህ ትከሻዬን? ከዚህ ቅርበት? ለዚህ እኮ ነው የተሸነፍነው፤ ድሬ ወርዋሪ የላትም!»